የትምህርት መሣሪያና የመምህር ዐደራ

ልጆቻቸውን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚልኩ ምእመናንና በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት የሚመሩ ካህናት ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር፥ የእጅ ስልክና ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ረቂቅ መሣሪያ ወደ መማሪያ ክፍል መግባታቸው ለሕፃናቱ ይጠቅማልን ወይስ ይጐዳል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን አዲስ ነገር ሁሉ የሥልጣኔ በረከት ነውና ሳንመረምር እንቀበለው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ አባቶቻችን ያላዩት ነገር ሁሉ ወጥመድ ነውና በሩ ይዘጋ ይላል። እኛ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ከሥሩ አልያዙትም እንላለን።

ልጅን ለመምህር መስጠት በአገራችን ሥርዓት ዐደራ መስጠት ነው። ገበሬው በሬውን ሸጦ፥ ባልቴቷም የጓዳዋን አራቁታ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትልክ፥ የምትሰጠው ከገንዘብ የሚበልጠውን ነው። ዐደራ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ተቀባዩም የሚጠየቅ ሰው መሆን አለበት። ዐደራ በላ የሚለው ስድብ በእኛ ዘንድ ከስድብ ሁሉ የከፋው ተቀባዩ ተጠያቂ መሆኑን ስለምናምን ነው። እንግዲህ ስለ ትምህርት መሣሪያ ስንነጋገር ልንጠይቀው የሚገባን፥ ይህ መሣሪያ በገባበት ክፍል ውስጥ ስለ ልጁ የሚጠየቀው ማን ነው? የሚለውን ነው። ከዚህ በታች የምናትተው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናችን ለመሣሪያ እንግዳ አለመሆኗን ማስታወስ ይገባል። ብራና መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥ፥ ብርዕ መቅረጽ የትምህርት መሣሪያ ጥበብ ነበር። ሕፃኑ የፊደል ገበታውን ታቅፎ በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ ሲል፥ ያ ገበታና ያ ስንደዶ መሣሪያዎቹ ናቸው። ማተሚያ በመጣ ጊዜም አባቶቻችን አልሸሹትም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን የታተመውም በ1513 እ.ኤ.አ. በሮም ነው፤ ከዚያም በ1548ና በ1549 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ይህን ሥራ የሠራ መነኩሴ እንጂ ነጋዴ እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ በማተሚያ መብዛቱ የኔታን ከወንበራቸው አላስነሣቸውም። የታተመው ዳዊት ንባቡን ይሰጣል፤ ነገር ግን ልጁ ተነሹን ጥሎ፥ ተጣዩን አንሥቶ፥ ሰያፉን እንደ ወዳቂ ሲያነብብ አይሰማም። የኔታ ግን ዐይናቸው ቢደክም እንኳ ከወዲያ ማዶ ሆነው ይሰማሉ፤ ሰምተውም ይመልሱታል። የአንድምታ ትርጓሜ መጻሕፍት ታትመው በየመደብሩ በሚሸጡበት በዚህ ዘመን እንኳ መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ ያነበበ ሰው የመጻሕፍት መምህር አይባልም። ጉባኤ ተቀምጦ ከመምህር አፍ መስማት፥ ሰምቶም መመለስ አለበት። ይህ ልማድ መጽሐፍን ከመናቅ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ መጽሐፍ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ከማወቅ የመጣ ነው።

ነገሩ ለግሪክ ፈላስፎችም የተሰወረ አልነበረም። አፍላጦን ፌድሮስ በተባለው ድርሰቱ አንድ የግብፅ ታሪክ ይተርካል። ቴውት የተባለው የጥበባት ፈልሳፊ ፊደልን ፈጥሮ ወደ ንጉሡ ወደ ታሙስ ያቀርባል፤ ይህ ለሰዎች የመታሰቢያና የጥበብ መድኃኒት ነው ብሎም ያመሰግነዋል። ንጉሡ ግን ሰዎች በጽሑፍ ተማምነው በልባቸው መያዝን ይተዋሉ፥ ሳያውቁም ያወቁ ይመስላቸዋል ብሎ ይመልስለታል። አፍላጦን ጨምሮም፥ የተጻፈ ነገር ቢጠይቁት ዝም ይላል፥ ዘወትርም ያንኑ አንዱን ነገር ይደግማል ይላል። ይህን ፈላስፋ በዚህ ነገር ከሚያደንቁት መካከል እኛም አለንበት፤ ነገር ግን ጽሑፍን የሚነቅፈውን ነገር እርሱ ራሱ ጽፎ ባይተውልን ኖሮ እናነብበው አልነበረም። ስለዚህ ከነቀፋው የምንወስደው የመጨረሻውን ነው፤ ይኸውም ሲጠይቁት ዝም የሚል፥ ለሁሉም ያንኑ የሚደግም አስተማሪ ጐዶሎ መሆኑን።

ከአፍላጦን ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን የጃንደረባው የባኮስ ታሪክ ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፥ ይህ የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው ልብ ብለህ ተመልከተው። በዘመኑ ከሚገኘው የትምህርት መሣሪያ ሁሉ የላቀውን የያዘ ነው፤ በዚያን ዘመን አንድ የነቢይ መጽሐፍ ለብቻው መያዝ የባለጠጋ ነገር ነበረና። ማንበብም ያውቃል፤ ጊዜም አለው፤ ፈቃዱም የበረታ ነው። ሆኖም ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነብበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ የሚመራው ሰው እንደሌለው ገለጠለት፤ ወደ ሠረገላውም አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው። መጽሐፉ ከእጁ አልተወሰደም፤ ፊልጶስ ያስተማረው ከዚያው ከመጽሐፉ ተነሥቶ ነው። መንፈስ ቅዱስ ለጃንደረባው ሌላ መጽሐፍ ሊልክለት ይችል ነበር፤ የላከለት ግን በእግሩ የሚሮጥ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ብዙ ሳይቆይ ለትምህርት አገልግሎት መዋሉ የታወቀ ነው፤ ከሁሉ የሰፋው ሙከራ ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና በተለምዶ ፕላዝማ ተብሎ የተጠራው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ሒሳቡ፥ ፊዚክሱ፥ ኬሚስትሪው፥ ባዮሎጂውና ሌላውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅቶ በሳተላይት አማካይነት በአንድ ሰዓት ወደ አገሩ ሁሉ ይሰራጭ ነበር። የዚህ አሳብ መነሻ መልካም እንደ ነበረ መመስከር ይገባናል። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት በዝተዋል፤ በቂ ችሎታ ያለው መምህር ግን በፍጥነት አይበዛም። በጠረፍ ያለው ልጅ በአዲስ አበባ ያለው ልጅ የሚሰማውን ትምህርት እኩል ይስማ ማለት የፍትሕ አሳብ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ የኬሚስትሪውን ሙከራ በመስኮቱ ማየቱም ትንሽ ነገር አልነበረም።

ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ የሆነው ምንድን ነው? ከክፍለ ጊዜው የሚበዛው ለስርጭቱ ተሰጠ፤ ለመምህሩ የቀሩለት በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ነገሩን ያጠኑ የራሳችን አገር ተመራማሪዎች፥ ተማሪዎቹም መምህራኑም፥ ደጋግመው የመሰከሩት አንድ ነው፤ ትምህርቱ ይፈጥናል፥ የአስተማሪው እንግሊዝኛ አነጋገር ለጆሮ እንግዳ ነው፥ ማስታወሻ እስኪጻፍ አይጠብቅም፥ መብራት ሲጠፋም የዚያን ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

እኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም በመምህሩ ላይ የሆነው ነው። በክፍሉ ጥግ ቆሞ ያያል። አንዲት ልጅ በ12ኛው ደቂቃ ላይ ነገሩ እንደ ጠፋት ከፊቷ ያነብባል፤ የመምህር ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማንበብ ነውና። ነገር ግን 13ኛው ደቂቃ ስለ እርሷ አይቆምም። መስኮቱ አይሰማም፤ መምህሩ ይሰማል፥ ሥልጣን ግን የለውም። ዐይኑ ያየውን እጁ እንዳያርመው ታስሯል። ይህ አንድ ቀን ሲሆን ያሳዝነዋል፤ አንድ ወር ሲሆን ይለምደዋል፤ ዓመታት ሲሆን ደግሞ የልጆቹን ፊት ማየት ይተዋል፤ ማዳን የማይችሉትን ሁልጊዜ ማየት ለሰው ልብ አይቻለውምና። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ቢነሣና ክፍሉ ቢመለስለት እንኳ፥ የጠፋው የማየት ልማድ በአንድ ቀን የሚመለስ አይሆንም። ኪሳራው በመንግሥት የሒሳብ መዝገብ የማይገባ ኪሳራ ነው። ተጠያቂነቱን በተመለከተም፥ ልጅቱ ስትወድቅ አዘጋጁ እኔ በሩቅ አገር ነኝ ይላል፥ አሠራጩ እኔ ያዘጋጁትን አስተላለፍሁ ይላል፥ መምህሩም እኔ መክፈቻውን ጫንሁ እንጂ አላስተማርሁም ይላል። የባልቴቷ ዐደራ በሦስቱ መካከል ወድቆ ቀረ ማለት ነው።

መሣሪያውን ሳይሆን ሥርዓቱን እንደምንነቅፍ ግልጥ ይሁን። ያው ምስል በመምህሩ እጅ ቢሆን፥ ሲሻው ቢከፍተው፥ ልጅቱ ፊቷን ባጠቆረች ጊዜ አቁሞ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢያስረዳትና እንደገና ቢቀጥለው፥ ነገሩ ሁሉ በተለወጠ ነበር።

ከዚህ አልፎ መምህር ጨርሶ አያስፈልግም እስከ ማለት የደረሱም አሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ኮምፒውተር የሚለውን አሳብ ያስፋፉ የአሜሪካ ሊቃውንት፥ በአገራችን በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፥ በእያንዳንዱ መንደር ለሃያ ለሚያህሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን በተዘጋ ሣጥን ትተውላቸው ሄዱ። አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ መክፈቻውን እንዳገኘ፥ በሁለት ሳምንትም ልጆቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል መዝሙር ይዘምሩ እንደ ነበር፥ ከወራትም በኋላ የተዘጋውን ፎቶግራፍ ማንሻ እንዳስከፈቱት በታላቅ አድናቆት ተነገረ። እኛም እናደንቃለን፤ ግን የምናደንቀው ልጆቹን ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ከባሕር ማዶ ሣጥን መምጣት ነበረበትን? በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ለአንድ ቀን የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች የመጀመሪያውን ፊደል በባዕድ ቋንቋ ሲዘምሩ፥ ደግ አደረግህ የሚላቸው ማን ነበር? የተሳሳተውንስ ማን መለሰው? ሣጥኑ ሲሰበርስ ማንን ይጠይቃሉ?

በፔሩ አገር ያው አሳብ በሰፊው ተሞክሮ ኮምፒውተር በብዙ መቶ ሺህ ለሕፃናት ከታደለ በኋላ፥ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት የተገኘ መሻሻል አላየም። የስዊድን መንግሥትም ብዙ ዓመት በመስኮት ካስተማረ በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተሙ መጻሕፍትን ወደ ክፍል ለመመለስ ገንዘብ መደበ። ባለጠጎቹ የሚመለሱበትን መንገድ እኛ በብድር ገንዘብ እንድንጀምረው የሚመክሩን ነጋዴዎች አይጠፉምና፥ ይህ ቢታወቅ መልካም ነው።

መሣሪያው ያለ ጥርጥር የሚጠቅምባቸው ስፍራዎች እንዳሉ ደግሞ አንሸሽግም። ዐይነ ስውር ተማሪ የተጻፈውን የሚያነብብለት ሰው እየለመነ ይኖር ነበር፤ ዛሬ መጽሐፍን በድምፅ የሚያነብብለት መሣሪያ ሲያገኝ ከልመና ወጥቶ በራሱ ፈቃድ ያጠናል። ከቃል ትምህርት የተገኙ ታላላቅ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ያሏት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ደስ ልትሰኝ ይገባል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት ከምንም ይሻል ነበር። ከምንም ይሻል ማለታችን ግን ለደረሰው ነው። ሬዲዮ የሌለው፥ መብራት ያልገባለት ልጅ ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳ ወጣ፤ ከወጡትም መካከል ያልተመለሱ አሉ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር በብዙ ቦታ የታተመው መጽሐፍ ስላልደረሰ ተማሪዎች በስልክ እንዲያነቡት ተደረገ። በቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እርሱም የአባትየው ነው፤ አባትየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ነው። መጽሐፍ ተልኳል ተብሎ በጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይጻፋል፤ ልጁ ግን አላየውም። የመሣሪያ ነገር እንዲህ ላላቸው ሲጨምር ከሌላቸው የሚወስድ ከሆነ፥ ካህን ዝም ሊል አይገባውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለማይሰማ መሣሪያ ነበር። አሁን ግን የሚሰማ መጥቷል። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ቻት ጂፒቲ የተባለው ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፥ ጠይቁኝ የሚል፥ ሲጠይቁትም የሚመልስ፥ መቶ ጊዜ ቢጠይቁት የማይቈጣ መሣሪያ በተማሪው ኪስ ገብቷል። ድርሰት ጻፍ ቢሉት ይጽፋል፤ ሒሳብ ፍታ ቢሉት ይፈታል። አንዳንድ ጊዜ የሌለ መጽሐፍ ጠቅሶ በሙሉ ልብ እንደሚመልስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ክርክራችንን በዚህ ጉድለት ላይ አናቆመውም፤ ጉድለቱ ነገ ይታረም ይሆናልና። አፍላጦን ያነሣው ነቀፋ፥ ሲጠይቁት ዝም ይላል የሚለው፥ በዚህ መሣሪያ ላይ አይሠራም። ታዲያ ምን እንላለን?

መልሱን ከቅኔ ቤት እናምጣ። ማታ ተማሪው ቅኔውን ይዞ ለመምህሩ ሊቈጥር ይመጣል። ቀኑን በዱር፥ ከዛፍ ሥር፥ ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ውሏል። መምህሩ የተማሪውን ጉባኤ ቃና ከመስማታቸው በፊት ከእርሱ የሚሻል መቶ ጉባኤ ቃና ሊነግሩት ይችላሉ። እርሱ እንዲራብበት የሚተዉት ለምንድን ነው? ዓለም ቅኔ አጥሯት አይደለም። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ አይደገምም፤ ያ ልጅ የሚያመጣው ጉባኤ ቃናም በማግስቱ ይረሳል። መምህሩ የሚጠብቁት ቅኔውን ሳይሆን ቅኔው በልጁ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። የዱሩ ረኀብ፥ ያልገጠመው ቤት፥ ተገኝቶ ያመለጠው ምሥጢር፥ እነዚህ ናቸው ልጁን ባለቅኔ የሚያደርጉት። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ ቢኖር መምህሩ አገባቡን፥ ሰሙንና ወርቁን ሲጠይቁት ምላሱ ይያዛል። ሌብነቱም ከሌላው ሌብነት ይልቅ የራስ ሌብነት ነው፤ ከባለቤቱ የወሰደበት ምንም የለም፥ ከራሱ ግን አንድ ቀን ሙሉ ወስዷል።

እንግዲህ ለተማሪ ድርሰቱን ጽፎ የሚሰጠው መሣሪያ፥ ረኀቡን ነጥቆ እህሉን አሳይቶ የሚያልፍ ነው። ለተማረ ሰው፥ ለምሳሌ ደብዳቤውን ለሚያስረዝምበት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ ይህ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ደብዳቤው ለደብዳቤነቱ ይፈለጋልና። የሕፃን ድርሰት ግን ለድርሰትነቱ የሚፈልገው ማንም የለም። አንድ የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ወዳጃችን፥ ዛሬ 50 ደብተር ሳርም 50 ያማረ ድርሰት አነብባለሁ፥ አንድም ልጅ ግን አላገኝበትም ብሎናል። መሣሪያው ትዕግሥተኛ ነው ለሚሉትም፥ ትዕግሥት የሚባለው ልብ እያዘነ ሲችል ነው እንላለን። ልጁ ቢወድቅ የማያዝን፥ ቢያድግም የማይደሰት ነገር አይቈጣም ማለት ድንጋይ አይራብም እንደ ማለት ነው። ልጅ ደግሞ የሚማረው ከትምህርቱ ጋር ይህን ኀዘንና ደስታ ጭምር ነው፤ የኔታ ያዘኑበትን ስሕተት ልጅ እስኪሸመግል አይረሳውም።

በቤተ ክህነት ትምህርት ለዚህ ሁሉ ማሠሪያ የሚሆን አንድ ቃል አለ፤ ማስመስከር የሚለው ነው። ድጓ የተማረ ሰው ብዙ ዘመን ደክሞ ቀለሙን ከፈጸመ በኋላ ወደ ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። አንባብያን ካህናት ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት አሉ፤ ቃሉን ግን እንመርምረው። ፈተና አላለውም፤ ምስክርነት አለው። መምህሩ ይህን ሰው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፥ ያውቃል፥ ቢያስተምር አያሳስትም ብሎ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ይመሰክርለታል። ሐሰት ቢሆን የሚያፍረው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ መስካሪውም ያፍራል። ሊቃውንት ሲገናኙም አንዱ ሌላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን ተማርህ ሳይሆን ከማን ተማርህ ብሎ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህ ምስክርነት ሲላላ የሚሆነውን በዐይናችን አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ መገናኛ ተበትነው ፈተናው ተሰረዘ፤ እንደገናም ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥብቅ ቁጥጥር በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተፈተኑ ጊዜ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህን ሁሉ በመሣሪያ ላይ ልናሳብብ አይገባንም፤ ጦርነቱ፥ ወረርሽኙ፥ የመጽሐፍ ማጣቱ፥ የመምህራን ደመወዝ ማነሡ በየፊናቸው የሠሩት አለ። የምንለው ይህ ነው፤ እነዚያ ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሲያልፉ፥ በየዓመቱ መጨረሻ ያውቃል ብሎ የመሰከረላቸው ማን ነበር? በየካርዳቸው ላይ ፊርማ አለ፤ የሰማቸው ጆሮ ግን ነበረን? ከዚህ በኋላ መሣሪያ ይጨመር ቢባል፥ ፊርማውን ወደ ምስክርነት የሚመልስ ከሆነ እሰየው። ለምሳሌ የመምህሩን የጽሕፈት ድካም አቅልሎ፥ እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻው የሚሰማበት ጊዜ የሚሰጠው መሣሪያ ቢገኝ፥ እርሱን ባርከን እናስገባዋለን። የመምህሩን ጆሮ ተክቶ ውጤቱን በቍጥር የሚያወጣ ከሆነ ግን ውሸቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ተማሪዎች የመምህሩን ዜማ በስልክ ይቀርጻሉ፤ አንዳንዶቹ መምህራን ፈቅደዋል፥ አንዳንዶቹም ከልክለዋል፤ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁንም አሉ። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ ይስማ፤ በፊታቸውም ብሎ ይታረም፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸውን ማታ ለቅጸላ ቢሰማው አይከለከል። ሳይሰማ ሳይታረም አስቀድሞ ከስልኩ የያዘው ግን ስሕተቱን አጥብቆ ይይዛልና፥ ለማስለቀቅ ከጀማሪው ይልቅ ያደክማል። በሰንበት ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ገንዘብ ተዋጥቶ መስኮት ከመገዛቱ በፊት የመምህሩ ድርጎ መከፈሉ ይጠየቅ።

የሸመገሉ መምህራንን ድምፅ ስለ መቅረጽ ግን አትዘግዩ እንላለን። ምልክቱ በመጽሐፍ አለ፤ ይዘቱ፥ ደረቱ፥ ርክርኩ ሁሉ ተጽፏል፤ ነገር ግን ርክርኩ በአንድ ሽማግሌ ጉሮሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ምልክት አይጽፈውም፥ ሽማግሌውም ለዘለዓለም አይኖሩም። ቀራጩ ተማሪ ዜማውን ከማስጀመሩ በፊት፥ መምህሩ ከማን እንደ ተማሩ፥ መምህራቸውም ከማን እንደ ተማሩ፥ እስከሚያስታውሱት ድረስ በገዛ አፋቸው እንዲናገሩ ይለምናቸውና ያንን ከዜማው በፊት ይቅረጸው።